ሁለት ሆነን የተሳልነው ስለት

ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ቁጠባችን ማውራት ይወዳል። የሸሚዙን ኮሌታ ቀና አድርጎ ያሳያል፤ «ይኸው፣ እሷ ናት የገለበጠችው፤ አዲስ አይመስልም?» ይላል። ድሮ እኔም እኮራ ነበር። ኮሌታው ሲሳሳ ፈትቼ፣ ገልብጬ፣ በእጄ መልሼ የምሰፋው እኔ ነኛ! አሁን ግን ያን ወሬ ሲጀምር ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባና ወጥ አማስላለሁ። ወጥ ባይኖርም አማስላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ልጃችን ባሕር ዳር አንድ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ልትማር የገባች ጊዜ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የሁለታችን ደመወዝ ጎንደር ፀዳ ለተከራየነው ቤትና ለቀለባችን እንደ ምንም ይበቃ ነበር። ኮሌጅ ሲጨመርበት አልበቃም አለ።

ባጃጅ ተውሁ። ከትምህርት ቤት በእግሬ ስመለስ የሚያውቀኝ ሰው ካገኘሁ «ሐኪም ተራመጂ ብሎኝ ነው» እላለሁ። የሳሙና ቁራጭ ካለቀ አይጣልም፣ አዲሱ ላይ ይለጠፋል። ወጥ ከወረደ በኋላ የተረፈውን ፍም ውሃ ረጭቼ አጠፋውና ከሰሉን ለማግስቱ አደርቀዋለሁ። አተርና ባቄላ አዝመራው በገባ ሰሞን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ማክሰኝት ገበያ ወርደን እንገዛለን፤ ሽሮዬን ራሴ ቆልቼ አስፈጫለሁ። የተረፈ እንጀራ እኔ ቤት አይሻግትም፤ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ከበሶው ጋር ባሕር ዳር ይሄዳል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ እስኪከፈት ቋጥሬ አስቀምጣለሁ። ልጄም ሚስኮል አድርጋ ትዘጋለች፣ እኔ እደውላለሁ።

ይህ ሁሉ አልከበደኝም። እንዲያውም ቤቱን ደግፌ የያዝሁት እኔ ነኝ የሚል ስሜት ይሰጠኝ ነበር። የከበደኝ ሥጋ ነው። በዓል ሲመጣ ሥጋ ያልገባበት ቤት በሰፈሩ ይታወቃል። ጎረቤት ያዝናል፤ ያዘነ ጎረቤት ደግሞ ሳህን ይልካል። እኔን የሰው ሳህን ያንቀኛል።

መላውን ያመጣው እሱ ነው። «ስለት ተስለናል እንበል» አለኝ። «ልጃችን እስክትመረቅ ሥጋ ላንቀምስ ተስለናል እንላለን። በስለት ማን ያዝናል? ያከብሩናል እንጂ።» ሣቅሁ። እውነትም ጎንደር ላይ ስለት ያለበትን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብልጠቱ ደስ አለኝ። ቅር ያላቸው የንስሐ አባታችን ብቻ ናቸው። «የትንሣኤ ዕለት እንኳ? ምነው ልጄ?» አሉኝ። በእንቁላል እንገድፋለን አልኋቸው።

ታዲያ ለሰው የነገርሁትን ራሴ አመንሁት። ልጄ የመጀመሪያ ፈተናዋን የምትፈተን ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «አስመርቅልኝ እንጂ ሥጋ በአፌ አይዞርም» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አልነበረም፣ የእውነት ስለት ሆነ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርሁት። እጄን ያዘኝና «እኔም በልቤ እንዲሁ ብያለሁ» አለኝ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት እውነት ነው አልሁ።

በዓል በዋለ ቁጥር እንቁላላችንን በልተን ስናበቃ፣ እሱ አዘዞ ያለችውን እህቱን እንኳን አደረሰሽ ሊል ይሄዳል። ልጃችን ለዕረፍት መጥታ ከሆነ ተከትላው ትሄዳለች። እኔ እቀራለሁ። ሥጋ የሚጠበስበት ቤት መቀመጥ ይፈትነኛል። «አንተስ አያስጎመጅህም?» እለው ነበር። «ለምጄዋለሁ» ይለኛል። ሲመለስ ጋቢው ጥብስ ጥብስ ቢለኝ የእህቱ ቤት ጠባብ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የሚያምን ሰው አፍንጫም የለው።

ልጄ ትምህርቱን ካጋመሰች በኋላ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ይዤ ቆምሁ። ጤና ጣቢያ የወሰደኝ ባለቤቴ ነው። ነርሷ ውጤቱን አይታ «ደምዎ በጣም አንሷል። ጉበት ይብሉ፣ ቀይ ሥጋ ይብሉ» አለችኝ። ስለት አለብን አልኋት። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ያነብ ነበር፤ አንብቦ አልጨርስ አለ። ያን ዕለት ከሥራ ሲወጣ ገበያ ገብቶ፣ ቀይ ሥር በፌስታል ሞልቶ መጣ። «ይህም ደም ይሆናል ይላሉ» ብሎ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ቀቀለልኝ። አለቀስሁ። ከማን ጋር እንደምኖር ያወቅሁ መስሎኝ ነው ያለቀስሁት። ልጄም ከባሕር ዳር ደወለች፤ ያን ቀን ሚስኮል አይደለም፣ በራሷ ካርድ ነው የደወለችው። የታዘዘልኝን የብረት ኪኒን ከሻይ ጋር እንዳልውጠው አስረዳችኝ። ፋርማሲዋ ከመመረቋ በፊት ለእናቷ ጠቀመ ብዬ ለአስተማሪዎቹ ሁሉ አወራሁ።

ጉዱ የወጣው ልጄ ልትመረቅ ዓመት ያህል ሲቀራት፣ በፋሲካ ዕለት ነው። ባለቤቴ የእህቱ ጎረቤት ሞቶ ከማለዳው ቀብር ሄዷል። ልጄ ለበዓሉ መጥታ ጓሮ ፀጉሯን ትታጠባለች። በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሁለት ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ጥበቃ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ ከደባርቅ በኩል መጥተው ከተቀጠሩ ብዙም አልቆዩም።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ። የቅርጫው መደብ ነው» አሉኝ።

«አያ፣ ቤት ተሳስተዋል። እኛ ቅርጫ አንገባም።»

«ምነው፣ የሱ ቤት አይደለም?» ብለው የባለቤቴን ስም ጠሩ። «እህቴ ቤት አድርስልኝ ብሎኝ ነበር። አዘዞ ብሄድ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቀብር ወጥተዋል አሉኝ። ስልኩም አይነሣም። ሸጋ ሥጋ በፀሐይ ከሚበላሽ፣ ሰውየው ቤትም ሚስትም አለው አልሁና መጣሁ።» ትንሹን ፌስታል ለብቻው ሰጡኝ። «ጉበቱ ይኸ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ጉበቱን ለብቻ ነው የሚያስቋጥረው ብለውኝ ለብቻ ቋጠርሁት።»

በዓል በመጣ ቁጥር። ጠላ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ቆመው ጠጡና «ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ልጄ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከጓሮ ገባች። ፌስታሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አልጠየቀችም።

«እማ፣ አባዬን እንዳትቆጪው» አለችኝ። «ለኔ ብሎ ነው።»

«ምኑን?»

«ጉበቱን። እወድ የለ? አክስቴ ቤት ታበስልልናለች። አንቺ ስለቱን ከልብሽ ስለያዝሽው፣ ብንነግራት ታዝናለች ብለን ነው።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው የገና በዓል ጀምሮ ነው አለችኝ። እሱ እጄን ይዞ «እኔም በልቤ» ካለኝ ገና ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ስለ ኪኒኑ በስልክ ያስረዳችኝ ልጅ፣ የእናቷ ደም ማነሱን የምታውቅ ልጅ፣ አክስቷ ቤት ጉበት ስትበላ ከርማለች። ከአባቷ ጋር ተቀምጠው፣ ይነገራት ወይስ አይነገራት ብለው ስለ እኔ ተማክረዋል። የባሏ እህት ሳትቀር የምታውቀውን ሳታውቅ የኖረች ጅል ሆንሁ። በቁሜ ተቃጠልሁ።

ሥጋውን አልጣልሁትም። ሥጋ የሚጣልበት ቤት አይደለም ቤቴ። ከተፍሁት፣ ሽንኩርቱን ሳልሰስት አቁላልቼ ጠበስሁት፤ ጉበቱንም ለብቻ። ባለቤቴ ከቀብር ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆመና አየሩን አሸተተ። «ምን ሸተተ?» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«መደብህ መጥቷል። ታጠብና ቅረብ» አልሁት።

ተቀመጠ። ልጄም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ሁለቱን በአንድ ትሪ አቀረብሁላቸው፣ ለራሴ የጠዋቱን እንቁላል ይዤ ከፊታቸው ተቀመጥሁ። «ላስረዳሽ» ሲል «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አልሁት። አንዴ ጎረሰ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ ነው መሰል ሁለተኛም ጎረሰ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስለቱ እኮ ለሰው አፍ ብለን ያመጣነው ነው። ከምር የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ጥፋቱ የኔ ማመን ሆነና አረፈው።

ሰው ቢሰማ ለሥጋ ነው የተቆጣችው ይል ይሆናል። ቢነግረኝ ኖሮ እኮ ከሌላ ነገር ቀንሰን ሦስታችንም በአንድ ትሪ በበላን! ሥጋውን ይብላው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቀይ ሥሩ ነው። ጉበት እየበላ ቀይ ሥር ቀቀለልኝ፤ እኔም አልቅሼ አመሰገንሁት።

ከዚያ በኋላ ስለቱን አላፈረስሁም። በፈተናዋ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ብቻዬን ነበርሁ፣ የኔ ብቻ ስለት ነው። ባለቤቴም ቅርጫውን በግልጽ ወደ ቤት ያመጣ ጀመር፤ እኔ እጠብሳለሁ፣ እነሱ ይበላሉ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ልጄ ተመረቀች። ፀዳ ባለው ቤታችን በግ ታረደ፣ ጎረቤቱ፣ አስተማሪው፣ የንስሐ አባታችንም ተገኙ። ባለቤቴ የገለበጥሁለትን ኮሌታ አስተካክሎ ተነሣ። «እኔና እሷ ለዚህች ልጅ ስንል ሥጋ የሚባል ሳንቀምስ ኖረን፣ ይኸው ስለታችን ሰመረ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ የጋውኗን ጫፍ ታጣጥፋለች። እሱ ከትሪው ጉበት መርጦ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ «የመጀመሪያው ጉርሻ ለእሷ ነው» ብሎ ወደ አፌ ዘረጋ።

በሰው ፊት ጉርሻ አይመለስም። አፌን ከፈትሁ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አላምጬ እስክውጥ ሁለቱም አፍ አፌን ያዩኛል።

«ጣፈጠሽ እማ?» አለችኝ ልጄ ቀስ ብላ።

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ» አልኋት። «እኔማ ጣዕሙ ጠፍቶኛል።»