ቶርኖ ፈረስ አይወልድም

ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አንዱ ጎን ከሌላው በፀጉር ስንጥቅ እንኳ ቢበልጥ ደንበኛውን አይለቅም። የቸኮለ ሰው እሱ ዘንድ አይሄድም፤ ከሄደም አበሳውን ያያል። ሱቁን ሲዘጋ ግን ልቡ ያለችው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥኑን ወደ ኮሪደር አባርራ ከገባችው፣ በኮምፒውተር ከምትታዘዝ ትንሽ ማሽን ጋር። ሚስቱ «ጣውንቴ» ትላታለች። ጣውንቲቱ ሁለት ሙያ አላት። ቶርኖ ስትሆን ብረቱን እያሽከረከረች ትልጠዋለች፤ ፍሬዛ ስትሆን ብረቱ ቆሞ መቁረጫው ይሽከረከራል።

ሰሞኑን ሚሊሜትርን እንቅልፍ የነሳው የአማቱ ነገር ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቼዝ የሚጫወቱት በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። የፕላስቲክ ጠጠሮቹ ከመዳሰስ ብዛት አልቀው ፈረሱን ከወታደሩ መለየት ሲያቅታቸው ሰሌዳውን አጥፈው አስቀመጡት። «የማላውቀውን ጦር አልመራም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ተረብ የለ፣ ፉከራ የለ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መቀመጥ ሆነ ሥራቸው። ሚሊሜትር ሲሰድቡት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ከናስ አዲስ ጠጠሮች ሊሠራላቸው ተነሣ። ንጉሡ፣ ግንቡ፣ ወታደሩ ከቶርኖው እያብረቀረቁ ወጡ። ፈረሱ ላይ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ቶርኖ የሚያውቀው ክብ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረስ ደግሞ አፍንጫ አለው። መቀመጫውን በቶርኖ ልጦ፣ ፈትቶ፣ ለፍሬዛው እንደገና ሲያስረው መሐሉን እየሳተ የመጀመሪያው አንገተ ጠማማ ሆነ። ሌላኛው ጭራሽ አፍንጫ የሚባል አልፈጠረበትም። ሚስቱ ይህን ሁለተኛውን አገላብጣ አየችና ጉማሬ በቼዝ ላይ በየት በኩል እንደሚሄድ ጠየቀችው።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ መቀሱን አስቀምጦ ምላጭ ሲያነሣ እጁ አየር ላይ ቀረ። ለመሆኑ ከመቀስ ወደ ምላጭ ሲሻገር ደንበኛ ከወንበር አስነሥቶ ያውቃል? ወንበሩን ያዞራል እንጂ! ልቡ ጮቤ ረገጠ። ደንበኛውን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ጎን ከሌላው ሳያስተያይ ሸኘውና እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ቤቱ በረረ።

ናሱን በቶርኖ ከላጠ በኋላ ከማሽኗ መንጋጋ አልፈታውም። እዚያው እንደታሰረ እንዳይዞር ቆለፈውና ፍሬዛውን አመጣበት። አንደኛው ጉንጭ ወጣ። ግማሽ ዙር አዙሮ ደግሞ ቆለፈው፤ ሌላኛውም ወጣ። ጋማ፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ሁሉም በየቦታው። ሚሊሜትር ሚስቱን ወገቧን ይዞ በጠባቧ መኝታ ቤት አሽከረከራት፤ ቶርኖ ላይ አሰርኸኝ እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ገና ያልቀዘቀዘውን ፈረስ አማቱ መዳፍ ላይ አኖረው። የሽማግሌው አውራ ጣት ጋማውን ወጣ፣ ግንባሩን ወረደ፣ አፍንጫው ላይ ቆመ። ከዚያ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«ሌላውስ?» አሉ።

ሚሊሜትር ክው አለ። በደስታ ሲሮጥ አንድ ብቻ ሠርቶ መምጣቱ ትዝ ያለው ገና አሁን ነው። ጥቂት እንዲታገሡት፣ ሁለተኛውን አሁኑኑ እንደሚሠራ መማል ጀመረ።

«ግዴለም፣ ሰሌዳውን አምጣ» አሉ አማቱ። «ለአንተ አንዱ ይበቃሃል።»

በቃውም።