ጋሽ ጆሮና ዝምተኛው ኮምፒውተር

ጋሽ ጆሮ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሠፈሩ ቢፈለግ ከሚስቱ ሌላ መገኘቱ ያጠራጥራል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሲኒማ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ሲያጫውት የኖረው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበርና። ከአዳራሹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ትልልቅ ማሽኖች መሃል በርጩማ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የማሽኑ ድምፅ ትንሽ ሲቀየር «የማሽኑ ጥርስ ፊልሙን ስቶታል» ይላል። ሲያጉረመርም ደግሞ «ማራገቢያው አቧራ ጠጥቷል» ይላል። ከፍተው ሲያዩት እንዳለው ይሆናል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ «ለመሆኑ ፊልሙን አይተኸው ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ማየትማ የተመልካች ሥራ ነው» አለው ይባላል።

ሚስቱ እዚያው ሲኒማ ቤት ትኬት ትቆርጥ ነበር። ተመልካቹ ከመስታወቱ ጀርባ ከፊቷና ከእጇ በቀር ሌላ ነገሯን አይቶት ስለማያውቅ «ባለመስኮቷ» ብሎ ሰየማት። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነው ሲሠሩ ኖሩ። አዳራሹ ተዘግቶ የጣውላ መጋዘን ሲሆንም አላማረሩም። «ጎጆ አቁሞልናል፤ ልጅም አሳድጎልናል። ተመስገን» ብለው ቤታቸው ገቡ።

ልጅ ያልኩት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ብዙ ዓመት ጠብቀው፣ ዘመድ አዝማዱ ተስፋ ቆርጦ መጠየቁን ከተወ በኋላ ነው አምላክ የሰጣቸው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን የእናትየው ትንፋሽ ሲደክም፣ የሥራ ሰዓቷ ያለቀ አንዲት አዋላጅ ቦርሳዋን መልሳ አስቀምጣ፣ ካፖርቷን አውልቃ፣ እስኪነጋ ድረስ እጇን ይዛት ቆየች። ባለመስኮቷ የዚያችን ሴት ስም ሳትጠይቅ ቀረች። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ በጸሎቷ ሳታነሳት ያደረችበት ቀን የለም። «ስሟን አንተ ታውቀዋለህ» ትለዋለች አምላኳን። ልጅቱ ይህን ስትሰማ አድጋ «እኔም እሷን ነው የምሆነው» አለች። በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ በሚወስድ ከተማ አራት ዓመት አዋላጅነት ተማረች።

ቃለ መሐላ የምትፈጽምበት ቀን ሲቃረብ እናትየው ለጉዞው ለራሷ ቀሚስ አሰፋች፤ ጫማም ገዛች። ሦስት ሳምንት ሲቀራት ግን እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራተተችና የዳሌዋ አጥንት ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ሁለት ወር ከአልጋ መነሳት የለም አለ። ባለመስኮቷ በሕመሙ አላለቀሰችም። ጉዞው መቅረቱን ስትሰማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እራትም አልበላችም።

ልጅቱ ደውላ «እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፈዋል። በአባዬ ስልክ ታዩኛላችሁ» አለቻት።

«በስልክ ላይ ያለ ሰው ለእኔ ጉንዳን ነው» አለች እናት። «ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲሰለፍ፣ ልጄ የትኛዋ ጉንዳን ናት ብዬ ልፈልግ ነው?»

ጋሽ ጆሮ ስልኩን ተቀብሎ ዘጋና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «በትልቁ ታያታለሽ» አላት። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው አሳይቻለሁ፤ ላንቺ ያቅተኛል?»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነው ነገሩን እንዴት እንደሚያደርገው እንደማያውቅ ትዝ ያለው። መንገዱ ማዶ ባለች ሱቅ ውስጥ ሬዲዮም ስልክም ቴሌቪዥንም የምትጠግን፣ ቁመቷ ረዥም፣ ሰውነቷ ቀጭን ስለሆነ ሽቦ የሚሏት ሴት አለች። ወደ እሷ ሄዶ አማከራት።

«ቴሌቪዥንዎ ዓይን አለው፤ አእምሮ ነው የሌለው» አለችው። «አእምሮ እንቀጥልለታለን።» ከመደርደሪያው ላይ መካከለኛ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ነገር አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ጋሽ ጆሮ ገለበጠው። «ክዳኑ ነው? ማሽኑስ?»

«ማሽኑ ራሱ ነው ጋሼ።»

«ይሄ?»

«ይሄ። ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ቢሮ ውስጥ ከስክሪን ጀርባ ተለጥፎ ይሠራ ነበር። የሚበላው የአንድ አምፖል ያህል ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ የቤትዎ ባትሪ እሱንም ቴሌቪዥኑንም ችሎ ያቆያቸዋል።»

«የኔዎቹ ሲነሱ የሠፈሩ መብራት ይደበዝዝ ነበር» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ስለ ሁለት ጎረምሳ ልጆቹ እንደሚያወራ ሰው።

ሽቦ እዚያው ሱቋ ውስጥ ገመዶቹን ሰካክታ፣ ቁልፉን አንዴ ነካ አድርጋ፣ ስለ ባለመስኮቷ ጤና ትጠይቀው ጀመር። ወሬው ሳያልቅ ስዕሉ መጣ። ያማረ፣ የጠራ ስዕል ነበር። ከአገር አገር የሚተላለፍ ነገር ሁሉ በዚያች ጥቁር ነገር በኩል ገብቶ ስክሪኑ ላይ ሞላ። ሲበራ በጋሽ ጆሮ ስልክ ኢንተርኔት የትምህርት ቤቱን ስርጭት ራሱ እንዲከፍትም አስተካከለችለት። ጋሽ ጆሮ እያመሰገነ በፌስታል ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

ችግሩ የመጣው እቤት ነው። ሳሎን ውስጥ እንዳሳየችው ሰካክቶ ቁልፉን ተጫነ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈበት። ምንም የለም፤ እስትንፋስ እንኳ የለውም። እንደገና ተጫነ፤ አዳመጠ። ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ተጭኖ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። ሲመለስ ስዕሉ ቁጭ ብሏል። በማግሥቱ አራት ጊዜ ተጭኖ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ዋለ። በሦስተኛው ቀንም ጥቁር ነበር። ወደ ሽቦ ይዞት ሄደ፤ እዚያ ወዲያው ሠራ። መልሶ አመጣው፤ እምቢ አለ። ደግሞ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እርስዎ ቤት ይረብሻል እንዴ? እኔ ጋ እኮ ጨዋ ነው» አለች ሽቦ።

«ኩርፊያ ይወዳል» አለ ጋሽ ጆሮ። «ደስ ሲለው ይነሳል፤ ሳይለው ይተኛል።»

«የእርስዎን ቤት ባየው ጥሩ ነበር። ግን ከነገ ጀምሮ ከከተማ ውጭ ሥራ አለኝ። ከቸገረዎ ይደውሉ።»

ለሚስቱ አልነገራትም። የሳሎኑን በር ዘግቶ ይሞክራል፤ መኝታ ቤት ሲገባ ፊቱን ያስተካክላል። «ማሽንህ እንዴት ነው?» ስትለው «እየተግባባን ነው» ይላታል። ማታ ማታ ተንበርክኮ ይጸልያል። ጸሎቱም አጭር ነበር። «ጌታዬ፣ የኔን ነገር ተወው። እሷ ግን ፊቷን ዳግመኛ ወደ ግድግዳ እንዳታዞር።»

ቀኑ ደረሰ። ሥነ ሥርዓቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት ጎረቤቶች መጥተው ባለመስኮቷን ከነአልጋዋ ወደ ሳሎን አወጧት። የተሰፋላትን ቀሚስ ለብሳለች። ጫማውን ግን ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። «እግሬ ባይሄድ እሱ ይሂድልኝ» አለች። ጎረቤቶቹ ሳቁና ወደየሥራቸው ሄዱ።

ጋሽ ጆሮ ማሽን ቀድሞ ማሞቅ ልማዱ ነውና ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረ። ተጫነ፤ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ዝም። ተጫነ፤ አዳመጠ። ዝም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለሽቦ ደወለ፤ አታነሳም። ደግሞ ደወለ።  አዳራሹ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስምንት መቶ ሰው ሲያፏጭበት እንኳ ቸኩሎ አያውቅም። አሁን ግን አንዲት ዝም ብላ የተኛች ሴት ፊት ቸኮለ።

«እምቢ አለ አይደል?» አለች ባለመስኮቷ።

«ይነሳል።» ተጫነ። ጆሮውን ለጠፈ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ተጫነ።

«ቆይ እስቲ። አሁን ምን አደረግህ?»

«አስነሳሁታ።»

«አጠፋኸው እንጂ። ከአገጭህ ሥር አንዲት ሰማያዊ መብራት በርታ ነበር። ስትነካው ጠፋች።»

«የምን መብራት?»

«አንተ ምኑን ታያለህ፤ ጆሮህን ለጥፈህበት። አሁንም ነካው፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደዚህ ና።»

አንዴ ነካው። ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ከታች፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ብርሃን ብቅ አለች። ጋሽ ጆሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

«ድምፅ የለውም እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ድምፅ ባይኖረውስ? ማራገቢያ ያለው ይመስልሃል እንዴ ይቺ ቁራጭ? ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው አይተህ አታውቅም? እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

«ኪሴ ውስጥ?»

«ሁለቱንም።»

ሁለቱንም ከተተ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ባለመስኮቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ ትቆጥር ወይ ትጸልይ አላወቀም። እሱ ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ጣቱ ራሱ እየተነሳ ያስቸግረው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የነቃውን መልሶ ሲያስተኛ፣ የተኛውን ሲቀሰቅስ፣ ዕድል የቀናው ቀን የነካበት ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን ብቻ ስዕል ሲያገኝ መኖሩ አሁን ገባው። ሊስቅ አማረው፤ ፈራ። አንድ ደቂቃ ያህል አለፈና ስክሪኑ በራ።

«ተመስገን» አለች ባለመስኮቷ።

አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትልቅ አዳራሽ ታየ። ወንበሩ፣ መድረኩ፣ ረድፍ ረድፍ ነጭ የለበሱ ወጣቶች። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ ከማሽኑ አጠገብ ቆመ።

«ና ተቀመጥ።»

«አጠገቡ ሰው ያስፈልጋል።»

«አንተን ምን ሊያደርግህ? እስካሁን አስቸገርከው እንጂ አልረዳኸው። ና።»

በርጩማ ስቦ ከአልጋዋ ጎን ተቀመጠ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ነገር እስከ መጨረሻ ያዩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አላገኘም። የሰው ባልና ሚስት በሺህ አስገብተው ሲያስቀምጡ ኖረው፣ እነሱ አንድ ቀን አልተቀመጡም።

ስም ይጠራ ጀመር። አንዷ ትወጣለች፤ እጇን ታነሳለች፤ ትወርዳለች። ሌላዋ ትወጣለች። የልጃቸው ስም ተጠራ። ልጅቱ ከረድፉ ወጥታ የመድረኩን ደረጃ እንደረገጠች ስዕሉ ቀጥ አለ። እግሯ በአየር ላይ ቀረ። መሃል ላይ አንዲት ክብ መሽከርከር ጀመረች።

ጋሽ ጆሮ ብድግ አለ። እጁ ወደ ቁልፉ ተዘረጋ። ባለመስኮቷ እጅጌውን ያዘችው።

«ተወው።»

«ቆሟል እኮ።»

«ሰማያዊዋ በርታለች። ተወው፤ ትንፋሽ ይውሰድ።»

እጅጌውን ለቀቀችና እጁን ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር እጇ። ጋሽ ጆሮ እንደቆመ ቀረ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ የልጅቱ እግር ደረጃው ላይ አረፈ። ካቆመበት ቀጠለ፤ አንዲት እርምጃ እንኳ አላለፈቻቸውም። ልጃቸው ስክሪኑን የሞላ ፊት ይዛ ቀኝ እጇን አነሳች፤ ለእናቶችና ለሚወለዱት ሁሉ ታማኝ እሆናለሁ አለች።  ካሜራው ከላይ እስከ ታች አሳያትና ወረደች።

ባለመስኮቷ ዕንባዋን አልጠረገችም። «ያቺን ሴት ባርክልኝ» አለች፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለሚሰማት አምላኳ። ጋሽ ጆሮ ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አልጠየቀም። «አሜን» አለ። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበታተን እንኳ፣ ባዶ ወንበሮቹን ብቻ እያዩ ተቀምጠው ቆዩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ናት፤ ከጀርባዋ ጫጫታና ሳቅ ይሰማል።

«እማዬ፣ አየሽኝ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትዋሺኝ።»

 «የግራ ጫማሽ ማሰሪያ ተፈትቷል» አለቻት ባለመስኮቷ። «ተደናቅፈሽ እንዳትወድቂ፤ እዚያው ጎንበስ በይና እሰሪው።»

በወዲያኛው ጫፍ ጫጫታው ቀጠለ። ከዚያ ልብስ ሲንሿሿ ተሰማ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ እያሰረች ነበር።