ጾም ነው ያልኩት ሩዝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጓደኛዬ ለሳባ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ የእናቷ የእትዬ ለተብርሃንም ንስሐ አባት እሳቸው ስለሆኑ ፊታቸውን ሳይ አፌ ይያዛል። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ ተረዱልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ሦስታችን ከካልጋሪ በመኪና ወደ ዩታ በረሃ ሄድን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ጂኦሎጂ ተምሬ ድንጋይ የማየው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ያንን ቀይና ብርቱካናማ የአሸዋ ድንጋይ በዓይኔ ለማየት አንድ ዓመት ሙሉ አቀድኩ፤ ብርሃኑ በስንት ሰዓት የትኛው ገደል ላይ እንደሚያርፍ ሳይቀር በደብተር ጻፍኩ። እትዬን ያመጣቻቸው ሳባ ናት። ካርቱም የነበረው ወንድሟ ድምፁ ከጠፋ ወራት አልፎ ነበር። እሳቸው ሲቲስኬፕ በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ቤታቸው ስልክ አቅፈው ከሚውሉ ትንሽ አየር ያግኙ ብላ ነው። እኔ እሺ አልኩ፣ ግን ቅር አለኝ። በሐዘናቸው ላይ ቅር አለኝ፤ ይህም ይቆጠርብኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከቤት የያዙት ቆሎና ዳቦ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲያ በየነዳጅ ማደያውና በየምግብ ቤቱ እየገባሁ የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። ቅቤ አለው? እንቁላል አለው? ወተት ነክቶታል? ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ ላብ የሚያጠምቀኝን ሰው አስቡት። ሳባ ለምን አልጠየቀችም? እትዬ አላመኗትም።

«እሷ እንድበላላት ብላ ትዋሸኛለች» አሉ ከኋላ ወንበር። አስመራ በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። «አንቺ ጠይቂልኝ ልጄ። አንቺ አትዋሺኝም።»

«ማሚ! መቼ ነው የዋሸሁሽ?»

«ኬኩን ጾም ነው ብሎ ያበላኝ የጎረቤት ልጅ ነው?»

«እሱ አክሲደንት ነው!»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ በደብተሬ ላይ በቀይ የከበብኩት ገደል ጋ ለመድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ቀርቶን ነበር፤ ፀሐይዋ ለመጥለቅ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቢቆይም እትዬ ገና ምንም አልቀመሱም። መጀመሪያ የገባንበት ቤት ባቄላው የአሳማ ስብ ነበረበት። ሁለተኛው ዳቦው በወተት የተቦካ ነው። ሦስተኛው ሰላጣውን አይብ ነስንሶ አመጣልን። አራተኛው ቤት ስንገባ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሳባ ውጭ ነዳጅ ትቀዳለች። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ሩዙን ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ትንሽ ቅቤ እንዳለው፣ በዶሮ መረቅ እንደተቀቀለ ነገረችኝ። ደግ ሴት ነበረች። ድንች በውሃ ብቻ ልናስቀቅልላቸው እንችላለን፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል አለችኝ።

ሃያ ደቂቃ። መስኮቱን አየሁ፣ ጥላው ረዝሟል። ሩዙን አዘዝኩ። ሳህኑን ይዤ ሄድኩና «ጾም ነው እትዬ፣ ይብሉ» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አማትበው በሉ። «በዚህ በረሃ እንዲህ ያለ የጾም ሩዝ!» ብለው ሳህኑን ጠረጉት። ሳባ በር ላይ ሆና «ላይቱ እየሄደ ነው፣ እንሂድ!» ትላለች።

ደረስን። ገደሉ ከታች ጥቁር ቀይ፣ መሃሉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ እንደ ክሬም ነበር። ነፋስ የከመረው አሸዋ መስመሩን እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። የመጨረሻው ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጥ የሚነድ መሰለ። ከጠበቅኩት በላይ ነበር። እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው «እግዚአብሔር በርበሬውንና እርዱን የሚያሰጣው እዚህ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለሳባ አልነገርኳትም። ዘንድሮ ፍልሰታን ጠብታ ቅቤ ሳይነካኝ እጨርሳለሁ፣ አንቺም የልጄን ድምፅ አሰሚኝ ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ። ባንቺ እርዳታ ልጄ፣ ስለቴን ይኸው እየጠበቅሁ ነው።»

ሩዙን ሳበላቸው ስለቱን አላውቅም ነበር። እዚያ ቆሜ ግን አወቅኩ። ያኔውኑ ብናገር ምን ነበረበት? ሳያውቁ የበሉት ነው፤ ቄሱን ጠይቀው የሚሉትን ያደርጉ ነበር። እኔ ግን «እትዬ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኩ። ብርሃኑ እንዳያመልጠኝ።

በጥቅምት ልጃቸው ከካይሮ ደወለ። ሳባ እያለቀሰች ነገረችኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደነበር ልናገር? «እንግዲህ አይታወቅብኝም» የሚል ነበር።

ፎቶው አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ልጅ ናት በበረሃ ጾሜን የጠበቀችልኝ!» ይላሉ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። ምናለ ማመስገናቸውን ቢተዉልኝ እያልኩ እበሳጫለሁ። አያችሁ? ዋሽቼ አበላኋቸው፣ ስላመሰገኑኝም በእሳቸው እበሳጫለሁ።

ብነግራቸው የተሰማላቸውን ጸሎት መንጠቅ ይሆናል እላለሁ። ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ያን ቀን ብርሃኑም ጥሩ ምክንያት ይመስል ነበር።

ዘንድሮም ፍልሰታ ገባ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ባለፈው ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ወስጄአቸው የብስኩቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። «የወተት ዱቄት አለበት እትዬ» አልኩ። መልሰው አስቀመጡትና እጄን መታ መታ አደረጉኝ። «ሳባ ብትሆን አብልታኝ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። «ምን ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ሩዙን የበላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የበሉት እትዬ ሲቲስኬፕ ነው ያሉት። ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።