ቀይ ነጥብ ያለው የሙዝ እባብ

ጣሊያን መንደራችንን ባቃጠለ በዓመቱ፣ እኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቤታችንን መልሶ ለመሥራት አንድ የእንጨት ባለሙያ መጥተው ግቢያችን ጥግ ሁለት ወር ያህል ሰነበቱ። ስማቸው ስርሞሎ ነበር። ዛሬ «እሳቸው» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ያኔ አባቴም እናቴም እኔም «አንተ» ነበር የምንላቸው። ሽበታቸው እስከ ጺማቸው የወረደ ሰው ነበሩ። ቢሆንም ማንም አልቆጣኝም፤ «እርስዎ» ብላቸው ኖሮ ይልቅ ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። እንጨት የሚፈልጡትን፣ የቤት ምሶሶ ጠርበው የሚያቆሙትን ሰዎች የእኛ ሰው ፉጋ ይላቸዋል። ያለ እነሱ ቤት አይቆምም፤ ከቆመ በኋላ ግን ደጃፉን አይረግጡም። ወደ እንሰቱ ማሳ አይገቡም፣ ወደ ላሞቹ አይጠጉም። እናቴ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል አድርጋ መሬት ላይ ታኖርላቸውና ወደ ኋላ ትላለች፤ እሳቸውም ጀርባዋን እስክትሰጥ ጠብቀው ያነሳሉ። ከእጃቸው የሚቀበል የለም። ከእጃቸው የበላ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል ይባል ነበር፤ እኛም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እናውቀው ነበር።

መንደራችን ከቡታጅራ ወጣ ብላ ነው። በዚያ ዓመት እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ፊደል ያስቆጥሩኝ የነበሩት የኔታ ጣሊያን ሲገባ ሸሽተው ስለ ነበር ዳዊት ሳልጀምር ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለስኩም። ስለዚህ ከታናሽ ወንድሜ ከሽብሩ፣ ከአጎቴም ልጅ ከአስካለ ጋር ቀኑን ሙሉ የስርሞሎን መጥረቢያ ስመለከት እውላለሁ። ሽብሩ አራት ዓመቱ ነበር፤ አስካለ እኩያዬ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥረቢያቸውን ያስቀምጡና ቀን ከጠረቡት የጥድ ፍቅፋቂ እሳት ያነዳሉ። ጭሱ ዓይን ያቃጥል ነበር፤ ሽታው ግን እስከ ዛሬ ልብሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ለጊዜው ከተጠለልንባት ጎጆ የኩራዙ ብርሃን በቀጭኑ ይወጣል፤ እኛ ሦስታችን ከእሳቱ ወዲህ፣ እሳቸው ከእሳቱ ወዲያ እንቀመጣለን። ያኔ፣ ፍሙ መቅላት ሲጀምር፣ ተረት ይመጣል።

ጨዋታው የተጀመረው አስካለ ከጓሮ አንድ ትርንጎ ቀጥፋ በመጣችበት ምሽት ነው። ስርሞሎ አዩዋትና «ይቺማ ጃርት ናት» አሉ።

«እሾኋ የታለ?» አለች አስካለ።

«አልበቀለላትማ! ወዲህ በያት፣ እኛ እናብቅልላት።»

እጃቸውን ዘረጉ። አስካለ ትርንጎውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደተማርነው ነው ያደረገችው። እሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ረጅም የጥድ ፍቅፋቂ አነሡ።

«በሉ እሺ፣ እኔ አልነካትም» አሉ። «እናንተ ሥሯት፣ እኔ ልንገራችሁ። እናንተ የሠራችኋት የእናንተ መክሰስ ናት፤ እኔ የሠራኋት ግን ለፍየል ነው የምትሆነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጣታቸው ያ ፍቅፋቂ ሆነ። በእሱ እያመለከቱ ትርንጎውን ለሁለት ያስከፍሉናል፤ በነጩ ሥጋው ላይ የስንደዶ ቁራጭ ስንሰካበት ጃርት ይሆናል። ብርቱካን ከእንሴኖ ገበያ የመጣ እንደሆነ ግማሹ ተደፍቶ ኤሊ ይወጣዋል፣ ከልጣጩ አራት እግር ይቆረጥለታል። ሙዝ ክብ ክብ ተደርጎ ቅጠል ላይ ሲጠማዘዝ እባብ ነው። ለሁሉም ዓይን የምናደርገው ከአጥር የለቀምነውን የበሰለ አጋም ነበር። አሠራሩ ሳያልቅ ተረቱ አያልቅም፤ ተረቱ ሳያልቅም መብላት የለም። ሽብሩ ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል።

«ጃርት ሰርግ ተጠራች» ይላሉ። «ደጅ ስትደርስ ሁሉም ‹ግቢ፣ ግቢ!› አሏት። ገባች። ጥንቸል ወደዚያ ሸሸት አለች። ጦጣም ሸሸት አለች። ድኩላ ጭራሽ ተነሥታ ቆመች። ‹ተቀመጪ› የሚላት ሞልቷል፤ ‹አጠገቤ› የሚላት ግን የለም።»

«ከዚያስ?» ይላል ሽብሩ።

«ከዚያማ ‹አቤት የዚህ ቤት ሰው ደግነቱ፣ መደቡን ሙሉ ለቀቁልኝ!› ብላ እግሯን ዘርግታ በላች።»

እንስቃለን። እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ እንደ ሌሎቹ ስለማልጠይቅ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ለማን አደራ ሰጥተሽው ነው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሥራዬን ግን ያደንቁ ነበር። «ይቺ እጇ ይናገራል» ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ እስኪያሳጣኝ ደስ ብሎኛል።

ያኔ ትልልቆቹ ሌላ ጭንቅ ነበረባቸው። ጣሊያን ወደ ቆላው መንገድ ያስጠርግ ነበርና ጭቃ ሹሙ ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው አምጡ ብሎ ነበር። ከዚያ ሥራ በእግሩ የተመለሰ ሰው አላየንም። ሽማግሌዎቹ ቀናት ተቀምጠው ከተከራከሩ በኋላ የእኛ መንደር ተራ አባቴ ላይ ወደቀ። የሚወሰድበት ሳምንት እየቀረበ ሲመጣ እናቴ ሊጥ ስታቦካ እንባዋ ሊጡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አባቴ እህል አልወርድ ብሎት ጉንጩ ገባ።

እኔ በዚያው ሰሞን የሚያስጨንቀኝ ነገር የአስካለ ኤሊ ከእኔ እባብ በልጦ መመስገኑ ነበር። ልጅነት እንዲህ ነው።

አንድ ምሽት ስርሞሎና አባቴ ምሶሶውን ሊያገላብጡ ዞር እንዳሉ ሙዜን ቆራርጬ ደረደርኩ። አጋም ከአጥሩ አልቆ ነበር። ሳሙና ከገበያ ከጠፋ ወዲህ እናቴ ለልብስ ማጠቢያ የምታስለቅመው እንዶድ ግን ከጎጆው በር ላይ በዘለላው ተንጠልጥሏል፤ የደረሰው ፍሬ እንደ ዶቃ ቀይ ነው። ሁለቱን ዓይን አደረግኋቸው። አማረ። ከዚያ ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ ደረደርኩበት። እንደዚያ ያለ እባብ በዚያ ግቢ ተሠርቶ አያውቅም።

ስርሞሎ ሲመለሱ ዓይናቸው እባቡ ላይ ቀረ። «ይህን ቀይ ከየት አመጣሽው?»

«አጋም ነው። ያልበሰለ» አልኩ። እንዶድ መንካት ያስገርፋል።

«ያልበሰለ አጋም ሲቆረጥ ወተት ያወጣል። ቆይ፣ ሳላየው እንዳትበሉት» አሉ። በዚህ መሀል አባቴ «አንተ፣ ና ያዝ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። ሄዱ። ሽብሩ ያን ምሽት የተረቱን መጨረሻ አልጠበቀም፤ የእባቡን ራስ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ቀጥሎ አንገቱን፣ ቀጥሎም ጀርባውን። ጣፋጭ ሙዝ ነው፤ ሳያላምጥ ነው የዋጠው። አየሁት። ምንም አላልኩም፤ ብናገር ከየት እንዳመጣሁት እጠየቃለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሽብሩ ሆዱን ይዞ ተጣጠፈ። ማስመለስ ጀመረ፣ ማብቂያ አጣ። እናቴ ስትጮህ መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው።

«ከማን እጅ ነው የበላው?» አሉ ገና ከበሩ።

ስርሞሎ ከእሳቱ ወዲያ ቆመው ያስመለሰውን አይተው ነበርና «እንዶድ ነው!» ብለው ጮኹ። «ያ ቀዩ ቅርፊት እንዶድ ነው። ወተት ጋቱት፣ ቶሎ! ብዙ ወተት!»

እትዬ ብርቄ ዞሩባቸው። «አንተ በምን አወቅህ? ያላበላኸውን በምን አወቅህ?»

እናቴ ወተቱን ጋተችው። ደጋግማ ጋተችው። ሽብሩ ጠዋት ዓይኑን ገለጠና ቆጮ ጠየቀ። ሌሊቱን ከሞት የተረፈው ስርሞሎ ባሉት መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ያወቀ መርዙንም ያውቃል ተባለና ያው መድኃኒት ማስረጃ ሆነባቸው።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ ግቢያችን ተሰበሰቡ። ስርሞሎ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «እኔ የልጆቹን ምግብ ነክቼ አላውቅም። ልጅቷን ጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች» አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ውድነሽ፣ እጁ ነክቶታል?»

የቀሚሴን ጫፍ ያዝኩ።

«አትፍሪ ልጄ። ነክቶታል አይደል?»

የአባቴን ፊት አየሁት። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠይቀኝ ስለ ሙዝ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሽማግሌዎቹም እግራቸውን እግራቸውን ያያሉ። ጭቃ ሹሙ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት በእኛ ቤት አዎ ማለት ነው።

ቀና ስል ስርሞሎ እያዩኝ ነበር። እባቡን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቀዩን ያመጣሁትም እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። «እሷ ናት» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አዝነውልኝ ይሁን፣ ወይስ ቢናገሩ ማንም እንደማያምናቸው አውቀው፣ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኩለ ቀን ላይ የጭቃ ሹሙ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። አባቴ ቀረ።

ያን ቀን ቤታችን ደስታ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ነበር። እናቴ ዶሮ አረደች፤ አባቴ ከስንት ቀን በኋላ ጠግቦ በላ፤ እኔንም ጭኑ ላይ አስቀምጦ በእጁ አጎረሰኝ። ጣፈጠኝ።

ጣሊያን ወጣ። ከመንገድ ሥራው አንዳንድ ሰው ከስቶም ቆስሎም ተመለሰ፤ ስርሞሎ አልተመለሱም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከአጥራችን ውጭ ቆማ «አባቴን ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ቆጮ በቅጠል አድርጋ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችና ወደ ኋላ አለች። ሴትዮዋ ቅጠሉን አየችው፣ ሳታነሳው ሄደች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነበር።

አሁን ትዳሬ ወልቂጤ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለእነሱም ትርንጎውን ጃርት፣ ብርቱካኑን ኤሊ እያደረግን እንሠራለን። «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «አንድ ሽማግሌ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሽብሩ ሊጠይቀን መጣ። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እንሴኖ ሱቅ አለው፤ ጨዋታ ያውቃል። ልጆቼ ሙዝ ሲቆርጡ አይቶ ሳቀና «እኔን አንድ ፉጋ በሙዝ ሊገድለኝ ነበር፣ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጀመረ። ዓይኑን እያጉረጠረጠ፣ ሆዱን ይዞ እየተንከባለለ አጫወታቸው። ጥሩ አድርጎ ነው የሚተርከው። በእሱ ተረት ስርሞሎ ጥርሳቸው ረጅም ነው፣ እጃቸው ጥፍራም ነው፤ ሙዙንም በእጃቸው ነው ያጎረሱት። ይህን አላየም፤ ከእናቴ ሰምቶት ነው ያደገው። እናቴ ደግሞ ከእኔ አንገት።

ታላቋ ልጄ አልማዝ ሰምታ ስትጨርስ «ሰውየውስ ከዚያ ምን ሆነ?» አለችው።

ሽብሩ ሳቀ። «አጎትሽ ዳነ አይደል! ስለ እሱ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የሚገርፈኝ የለም፤ መንገድ ሥራ የሚወሰድ ሰው የለም፤ ሽብሩም ቢሰማ ስቆ ይተወው ነበር፤ እሱ እንደዚህ ነው። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ዝም ያልኩት ያኔ ልጅ ሆኜ፣ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አልማዝ ስታየኝ ግን ዙሪያዬን ባይ ባይ የሚያስፈራ ነገር አጣሁ። አፌ ያው እንደተዘጋ ነበር።

«ብዪ» አልኳት፤ «ሙዝ ተቆርጦ ሲቆይ ይጠቁራል።»