ጎሚኒ ነው ያልኩት ድምፅ

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለፓስተራችን አልነገርኩም፣ አገር ቤት ላለችው እናቴም አልነገርኩም። ወንድሜን ኮሮና ገደለው ብለው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። አንተ የምታነበው፣ እባክህ አታጽናናኝ። መጽናናት አንገፍግፎኛል።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታምራት በተሰደድንበት አገር፣ አይቮሪ ፓርክ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረው። ዕቃ መሃል ከተማ ካለው የጅምላ ገበያ፣ ከጀፕ፣ በታክሲ ያመጣ ነበር። ኮሮና ሲገባ ታክሲ ውስጥ መታጨቁን ፈራና አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የሰፈሩ ልጆች "ፍሪጅ" አሏት። መብራት በጠፋ ቁጥር ይስቁብናል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጋራዥ ገብቻለሁ። ጋራዥ ስል... ጎማ እለጥፋለሁ፣ ሲፈቅዱልኝ ብቻ መኪና ሥር እገባለሁ። ለጋሼ ግን መካኒክ ነኝ አልኩት።

የመኪናዋ የፊት ግራ ቦልጆይንት አለቀ። ጎማውን ከታች የሚይዘው ክብ መገጣጠሚያ ነው። አሮጌውን እኔ አወጣሁ። አዲሱን እኔ አስገባሁ። አዲስ አልኩ እንዴ? ከሌላ ዓይነት መኪና የተፈታ ነበር፣ ቁራሊዮ ብረት መሃል ያገኘሁት። ቀጠን ይላል፤ ቀዳዳው ውስጥ ይጫወታል። ከሱቁ ባዶ የለስላሳ ጣሳ አንስቼ ቆረጥኩ፣ ዙሪያውን ጠቀለልኩበት፣ በመዶሻ መታሁት። ያዘ። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሞተር ያለው መኪና ቢሆን ይሸፈን ነበር። ይህች ግን ራሷ ዝም ያለች ስለሆነች ሌላውን ሁሉ ታሰማለች። ጋሼ "ጉድጓድ ስገባ ቋ ይላል" አለኝ። ኮፈኑን እየተጫነ እንዲለቅ ነገርኩትና ከሥር እጄን ሰደድኩ። ሲጫን፣ ሲለቅ፣ ቋ። መዳፌን መታኝ። ጎሚኒ አልነበረም። ጎሚኒ ላስቲክ ነው፤ ሲደርቅ ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ ሰው አይገድልም። መዳፌን የመታኝ እኔ በመዶሻ የመታሁት ነው። እየለቀቀ ነበር። ባትሪዋ ደግሞ ከባድ ነው፤ እንደማይቆይ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር እልሃለሁ።

"ጎሚኒው ደርቆ ነው" አልኩት።

ለምን? በዚያ ሳምንት ሱቁ ጓሮ ጥቂት ሆነን ጸልየን ስናበቃ፣ በሰው ፊት "ይሄ ጎማ ነፊው ወንድሜ" ብሎኝ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እሱ ሲወድ እንዲህ ነው የሚቀልደው። እኔ ግን ቂም ያዝኩ። ጎማ ነፊ ላለኝ ሰው አበላሸሁት ልበለው? ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅባት ነፋሁበት። ሦስት ቀን ዝም አለች። "እጅህ ይባረክ፣ መካኒኬ" አለኝ። እኔ አሜን አልኩ። በውሸቴ ላይ አሜን አልኩ። ድምፁ ሲመለስ ደግሞ መዝሙሩን ከፍ አድርግበት አልኩት። አደረገ። እኔ ያልኩትን ሁሉ ያደርግ ነበር።

ከዚያ ታመመ። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠረው። ለአምቡላንስ ብንደውል ከፊታችሁ ብዙ ሰው አለ አሉን። እኔው ነዳሁ። ትንፋሹን ለመስማት መዝሙሩን ዘጋሁት። ቋ። ቋ። ሆስፒታሉ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የመንገዱን ጉብታ ሳልቀንስ ዘለልኩት። ጎማው ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ መኪናዋ አስፋልቱ ላይ በሆዷ ተቀመጠች።

ወርጄ እጄን አነሳሁ። ባለመኪኖች ይቆማሉ፣ ጋሼ ሲያስል ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ረገምኳቸው። ብዙ ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ፤ እነሱን ስረግም የራሴን እረሳለሁ።

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ጠቁሯል። እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

"ጎሚኒው ነው አይደል?" አለኝ።

ያኔ እንኳ! ያኔ እንኳ እውነቱን አልነገርኩትም።

"አዎ ጋሼ፣ ጎሚኒው ነው።"

"አይዞህ" አለኝ። እሱ፣ እኔን። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አምቡላንሱ የመጣው እጁ እጄ ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ቢደርስ ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ይህን "አላውቅም" መደበቂያ አደረግኩት። ኮሮና ነው አሉ፣ የጌታ ፈቃድ ነው አሉ፣ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ጌታ ጣሳ ቆረጠ? ጌታ በመዶሻ መታ?

መኪናዋ ሱቁ ጓሮ ቆማለች። ትናንት ክሪክ አስገብቼ ቦልጆይንቱን ፈታሁት። የጣሳው ቁራጭ እዚያው ተጣብቋል፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ጋሼ ቢሰማኝ ቶሎ ይቅር ይለኛል፤ ምናልባትም ይቀልድብኛል። ይህን ሳስብ ራሴን መምታት ያምረኛል። የሚገባኝ ያን ጠዋት የጠየቀኝን መመለስ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ጎሚኒው አልነበረም።