ከአልጋዬ ሥር የነበረው ጃርት

ልጅ ሳለሁ ተረት ሲነገረኝ ማስረጃ እጠይቅ ነበር። ቀበሮዋ ከተናገረች በምን ቋንቋ ተናገረች? አንበሳው ከሞተ ማን ቀበረው? ሴት አያቴ እማማ በዚህ እየሳቁ «ይቺ ልጅ ዳኛ ነው የምትሆነው» ይሉ ነበር። ዳኛ አልሆንኩም፤ ጋዜጠኛ ሆንኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድ አያቴ አባባ አሰላ ውስጥ የአንድ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት፣ በላንድሮቨር የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያለው ባለጎማ ቤት ነበረው። አባባ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ለሦስት ቀን ተዋሱትና እኔንና እማማን ይዘው ከሳጉሬ ማዶ ወዳለው የመንግሥት ደን ሄዱ። ለጎረቤት «አየር ልንለውጥ ነው» አሉ። ያኔ የአሰላ ሰው ደን የሚሄደው እንጨት ፍለጋ ስለነበር ጎረቤቶቻችን ሳቁብን።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ እማማ ደጃፉ ላይ እሳት አነደዱ። የጥዱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ድንቹ ፍሙ ውስጥ እየተሰነጠቀ፣ አባባ ፋኖሱን በሩ ላይ ሰቅለው ተቀምጠው፣ እማማ ሰምቼው የማላውቀውን ተረት ጀመሩ። ከአንድ ሽማግሌና ከአንዲት አሮጊት አልጋ ሥር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ማታ ማታ ምግብ ያስቀምጡለታል፤ እሱም ቤታቸውን ይጠብቅላቸዋል። ውላቸው አንድ ነው፤ መኖሩን ለእንግዳ ሰው አለመናገር።

«ቢናገሩስ?» አልኩ።

«እሱን ነገ ማታ።»

ከዚያም አንድ ሳህን ቅንጬ ከአልጋዬ ግርጌ አስቀመጡ። አልጋው ከሥሩ ትልቅ የዕቃ ሳጥን ነበረው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ከሳጥኑ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አልፈራሁም፤ ጃርቱ ነዋ። ጠዋት ሳህኑን መረመርኩት። ባዶ ነበር፤ ማታ ያልነበረ ማንኪያም ተቀምጦበታል።

ረፋድ ላይ አንድ የደን ዘበኛ ጭሳችንን አይቶ መጣ። ጠመንጃ የያዘ ጓደኛው መንገዱ ላይ ቀረ። አባባ ሻይ ሰጡት። እማማ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር።

«አንቺስ ትንሿ፣ ደን ውስጥ አትፈሪም?» አለኝ።

«ጃርት አለን። ከአልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው፤ ቅንጬ ይበላል።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። አባባም ሳቁ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን አጭር ነበር። «አያቷ የነገረቻት ተረት ነው» አሉ።

«አይ የዛሬ ልጆች! ውሸት ስትችሉበት!»

ውሸታም መባል አልችልም ነበር። ሮጬ ገብቼ ሳህኑንና ማንኪያውን አመጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩ። «ይኸው! አባባ በልተዋል፣ እማማ በልተዋል፣ እኔ በልቻለሁ። የእኛ ሦስቱ ታጥበዋል። ይሄ አራተኛው ነው።»

እማማ ከቁልቁለቱ ጀሪካናቸውን ጥለው «ጨል ጄዲ!» ብለው ጮኹ። ዝም በይ ማለታቸው ነው። አርሲ ውስጥ ኦሮምኛ የማያውቅ ዘበኛ እንደማይገኝ ድንጋጤ አስረሳቸው።

ዘበኛው ማንኪያውን አገላብጦ አየው። «ጃርት በማንኪያ ይበላል እንዴ?» አለ በቀስታ። ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ብቻዬን አልመጣሁም።»

ከሳጥኑ የወጣው ተስፋዬ ነበር፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ ጮሌ ወረዳ፣ ዘመድ ጋ ሄዷል ብለውኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከደኑ ማዶ አንድ ሰው በቅሎ ይዞ እንዲቀበለው ቀጠሮ እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቱን፣ እማማን፣ አይቶ «ቅንጬው ጨው አንሶት ነበር» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ጸጉሬን ነካ አደረገኝ፤ «ጎበዝ፣ ቆጠራ ትችያለሽ።»

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ስሙን በየዝርዝሩ ፈልጌያለሁ፤ አብረውት ሠለጠኑ የተባሉ ሰዎችንም አነጋግሬያለሁ። የሚያረጋግጥ ስላላገኘሁ ሞተ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

ማንም አልወቀሰኝም። «ልጅ ናት» አሉ፤ እሱም እውነት ነው። የተናገርኩትም እውነት ነበር፤ ሳህኑም፣ ማንኪያውም፣ ቁጥሩም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ያለው ዘገባ ያቀረብኩ አይመስለኝም።

እማማ ከዚያ በኋላም ብዙ ተረት ነግረውኛል፤ የጃርቱን ግን አንስተውት አያውቁም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ለዕረፍት አሰላ መጥቼ፣ አንድ አመሻሽ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ መጨረሻው ምን እንደነበር ጠየቅኋቸው። ፍሙን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረጉ።

«መጨረሻውንማ አንቺ ነገርሻቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ተረት ሲነገረኝ፣ ማስረጃ ጠይቄ አላውቅም።