የቤት ሥራ ተብሎ የመጣብኝ ፊልም

«ጋሼ፣ የቤት ሥራዬ ፊልም ማየት ነው» ብላ የወንድሜ ልጅ ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣችብኝ። አላመንኳትም።

መምህሯ ከድሮ ልቦለድ የተሠራ ፊልም ሰጥቷቸው «ከመጽሐፉ የተለየውን ፈልጉ፤ ለምን እንደተቀየረም ጠይቁ» ብሏቸዋል አሉ። እኔ ግን ሰውዬው ማረፍ አምሮት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። (ትምህርት እንዲህ ከሆነማ እኔም ፕሮፌሰር ነበርኩ።)

አብሬያት አየሁ። ፊልሙ ላይ ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ገና ከመቀመጣቸው አባትየው «ልጄን ሰጥቻለሁ» ሲል ፊልሙን አቆመችው።

«መጽሐፉ ላይ መጀመሪያ ‹ሌላ ቀን ተመለሱ› ብሎ ልጅቷን ይጠይቃታል። እዚህ ማን ጠየቃት?»

«ሰዓት ለመቆጠብ ነዋ!»

«እናንተስ እሁድ ምን አስቸኮላችሁ?»

እሁድ ለታላቅ እህቷ ሽማግሌ ይመጣል፤ መልስ ሰጪው እኔ ነኝ። ጠያቂው ሲግናል ሰፈር ሱቅ ያለው ጨዋ ልጅ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን እሺ ልንል ተስማምተናል። እህቷን የጠየቀ የለም።

ይሄ መምህር ቤታችንን ያውቃል እንዴ?

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እሁድ ሽማግሌዎቹን ‹ሌላ ቀን ተመለሱ› ልላቸው ነው።»

«ስለ ልጁ የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ በጥርጣሬ።

«የለም። ልጅህን ገና አልሰማኋትም።»

እናንተንስ በቤት ሥራ ስም ያፋጠጣችሁ ልጅ የለም? ንገሩኝ እስቲ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።